መለኪያ

መቶ ሃያ መጠይቅ በደረቴ አቅፌ፣
የቀሃን ድልድይ በጭቃ ተሻግሬ አልፌ፣
ስሜን በባጅ ሰቅዬ፣ የነሱን ላልጽፍ ምዬ፣
«ኮድ ብቻ ነው የምሞላ፣ አትስጋ ወንድምዬ»
እላለሁ። ሰኔ ነው፤ እንዳመሉ ይዘንባል፣
ከግንቡ ጫፍ ወርዶ ወረቀቴን ያረጥባል።

ተራ ቁጥር አንድ፣ ዕድሜ፤ ይኸ ያለምንም ጣጣ።
ሁለት፣ ሥራ፤ እዚህ ላይ ዝምታ መጣ።
ሦስት፣ «ባለፈው ወር ስንት ቀን ጠጥተሃል?»
መጀመሪያ ይስቃሉ፤ አንዱ ግን ጣቱን ያያል።
አራት ነው ያስቸገረኝ፣ «በአንድ ቀን ስንት መለኪያ?»
በሥልጠናው መለኪያ ማለት የጥናት መሣሪያ፤
ሳሙና በር ከአጥሩ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው በር ማዶ
መለኪያ ማለት ያች ናት፣ ታቿ ወፍራም፣ ላይዋ ባዶ፤
ተገልብጣ የምትውል፣ ሲመሽ የምትቃና፤
ማንም ለክቷት አያውቅ፣ እሷ ሰው ትለካለች ገና።

ኮድ ዜሮ አርባ ሰባትን ይርሳው ብየ ልጥራው፤
እናቱ ያወጣችለት ከኔ ጋር ይቅር፣ አደራው።
ሃያ አራት ዓመቱ ነው። በቅየሳ ተመርቋል።
ቀን አንገረብ ባጃጅ ያጥባል፤ ሲመሽ ጉሮሮው ይደርቃል።
«እስከ ሦስት እቆጥራለሁ» አለኝ፣ «በደንብ፣ ሳላጭበረብር፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ቀጅዋን ጠይቂ፤ እሷ ዘንድ ነው ቁጥር።»
«ለምን ትጠጣለህ?» ሀ፣ ለመዝናናት። ለ፣ ጓደኛ። ሐ፣ ጭንቀት።
መ፣ ሌላ፤ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ቦታ የተተወለት።
«መ ነው» አለ። «ጻፊ፦ ማታ አልቆ አያልቅም።
ቀኑንስ በውኃ አጥባለሁ፤ ማታ ግን በውኃ አይለቅም።»
ጻፍሁ። ጽሑፉ ከመስመሩ ወጣ።
ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አንችስ? ካንች ቤት ማን አለ የሚጠጣ?»
ጠያቂ አይጠየቅም፣ ይላል መመሪያው ሲጀምር፤
ፊቴ ግን አላነበበው፤ ነደደ ከነምስጢር።

የሚጠጣስ የለም እኛ ቤት።
እኛ ቤት የሚቀዳ ነው።
ቅዳሜ ገበያ፣ ከወፍጮው ጎን ባለችው ግቢ፣
እናቴ ዳጉሳና ጌሾ ጠንስሳ፣ እንስራውን በሊጥ አፍና፣
እሳቱ እንዳይበረታ፣ እንዳይከስምም ተጠንቅቃ፣
በመቃው ጫፍ ጠብ ሲል፣ ጠብ ሲል፣ ጠርሙስ እስኪሞላ፣
እኔ ደብተር ሆንሁ፤ የዶርም ብርድ ልብስ ሆንሁ፤
ነጭ ጋዋን ሆንሁ፣ የመመዝገቢያ ደረሰኝ።
በጠብታ ነው ያደግሁ።
ጉበት በስተቀኝ መሆኑን
የተማርሁት በአረቄ ገንዘብ ነው።

ቅዳሜ በወጣት ማዕከሉ ሠላሳ ወንበር ደረደርሁ፤
አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ጉበት በጠመኔ ሣልሁ፤
ሦስቱ ለለስላሳው ነበሩ። ይርሳው ከኋላ፣ ከበሩ ሥር፣
«ጉበቱስ ገብቶኛል» አለ፤ «ሥራም አብረሽ ብትሥይ ምን ነበር?»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።

ማታ እናቴ መለኪያዎቿን አጥባ በትሪ ስትደፋ
አንዱ ጎደለባት። ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች፤ «የት ጠፋ?»
«ጥናቱስ ምን አለ?» አለችኝ እጇን በቀሚሷ እያበሰች።
«ገና ነው» አልኋት። ብዙ ልትጠይቀኝ ነበር፤ ተወች።
ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፣ በመሐረብ ተጠቅልላ።
በነጋው፣ ቤተ ሙከራ፣ እስከ አፏ በውኃ ሞልታ
በሲሊንደር ገለበጥኋት፤ አርባ ሁለት ሚሊ ሊትር።
ዕድሜ ልኳን ስትለካን የኖረችውን ለካኋት።

ቁጥሩን ጻፍሁ።
ቀጥሎ ያለው ሳጥን «ምንጭ» ይላል።
እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው፤
ውጭ፣ ከአሸንዳው ጫፍ፣
ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል።